ልጄ የአማርኛ ቪዲዮ እያየ ለምን አማርኛ አይናገርም?

ቪዲዮው ብቻውን አያስተምረውም። የሁለት ዓመት ልጅሽ ከዴይኬር እንግሊዝኛውን እየያዘ፣ ቤት ውስጥ በየቀኑ የአማርኛ መዝሙር እያየ አንድም የአማርኛ ቃል ያላወጣው ለዚህ ነው። በዚህ ዕድሜ ቋንቋ የሚገባው በዋናነት ከሰው ነው፤ ሲስቅ አብሮት ከሚስቅ፣ የጠቆመውን ከሚያቀብለው ሰው።

ይሄ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት፣ አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን 12 ጊዜ፣ በየጊዜው 25 ደቂቃ ያህል ቻይንኛ አሰሟቸው። ሰው ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብሎ ያነበበላቸውና ያጫወታቸው ልጆች የቋንቋውን ድምፅ መለየት ቻሉ። በቪዲዮ ያዩት ግን ቻይንኛ ጨርሶ ካልሰሙት አልተሻሉም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ፦

1. ስታጥቢው፣ ስታለብሺው፣ ሽንኩርት ስትከትፊ በአማርኛ አውሪው። ስለሚያየው ነገር ይሁን፤ ኳሱን ካየ «ኳሱ ተንከባለለ!» በይውና ትንሽ ጠብቂው፣ በድምፅም በዓይንም ይመልስልሻል።

2. አያቱ ጋ በቪዲዮ ደውዪ። ከተቀዳ ቪዲዮ ይለያል፣ እሷ ስሙን ትጠራዋለች፣ ላደረገው ነገር መልስ ትሰጠዋለች። ሁለት ዓመት ያለፋቸው ልጆች ከእንዲህ ዓይነት ጥሪ አዲስ ቃል እንደሚማሩ በሙከራ ታይቷል።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ «በአማርኛ በል» እያልሽ አታስጨንቂው። እኔ ልጄን «ውኃ» ካላልሽ አልሰጥሽም ስላት ጭራሽ መጠየቅ ተወች፣ ያ አሁንም ያሳዝነኛል። በኋላ «ዋተር» ስትለኝ «ውኃ ፈለግሽ? እንኪ ውኃ» እያልኩ ዝም ብዬ መስጠት ጀመርኩ፣ ቃሉም ቀስ ብሎ መጣ።