እኔን ያየሽ ተቀጪ፦ ለአእምሮ ጤና ክሊኒክ ሲስተም የሚያስገባልሽን ስትመርጪ

ሰላም እህቴ። ሸዋ ሮቢት ላይ የአእምሮ ጤና ክሊኒክ እንዳላችሁ፣ የወረቀቱን ካርድ ወደ ኮምፒውተር ልታዞሩ እንደሆነና ሦስት ድርጅቶች ፕሮፎርማ እንዳስገቡ ጽፈሽ «የቱን ልምረጥ?» ያልሽውን አየሁት። የመለሱልሽ ሰዎች በሙሉ «ዋጋ አወዳድሪ» ነው ያሉሽ። እኔም ዋጋ አወዳድሬ ነው ጉድ የሆንኩት። እኛ ደብረ ብርሃን ነን። አንድ ሐኪም፣ ሁለት የሳይካትሪ ነርሶች፣ አንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ እኔ ደግሞ ሥራ አስኪያጅም ገንዘብ ያዥም አይቲም። የናንተም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

1. ሶፍትዌሩን ለጊዜው ተዪውና የሚመጣውን ሰው እዪ። ካቀረቡልሽ ውስጥ አንዱ ኦፕንኤምአርኤስ በሚባለው የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር፣ ወይም እሱ ላይ በተሠራው በባህምኒ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ የምትከፍዪው ለሚጭነው፣ ለሚያስተካክለውና ለሚያሠለጥነው ሰው ነው ማለት ነው። ለኛ ዴሞ (የሲስተሙን ማሳያ) ያሳየን ልጅ አፉ ማር ነበር። ከተፈራረምን በኋላ ግን ዓይኑን አላየነውም። የመጣው ሌላ ነው፤ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ጨዋ ልጅ፣ በዚያ በኅዳር ውርጭ በስስ ሸሚዝ መጥቶ ባርኖስ አልብሰን ነው ያሠራነው። የሳይካትሪ ክሊኒክ ደጅ ረግጦ አያውቅም። የሚመጣው ሰው ስም ውሉ ላይ ይጻፍ።

2. ከዚህ በፊት የሠሩበትን ቦታ ሄደሽ እዪ። «ትልልቅ ሆስፒታል ላይ ሠርተናል» ቢሉሽ እንዳትሸወጂ። ወባና ምጥ የሚመዘግብ ሲስተም የኛን ሥራ አያውቀውም። የመጣልን ቅጽ መጠጥን የሚጠይቀው በወይን ብርጭቆና በቢራ ነበር። እዚህ አገር ሰው አረቄ ነው የሚጠጣው፣ የሚቆጥረውም በመለኪያ ነው። ጫት «ሌላ» ውስጥ ተወሽቋል። ጠበል የሚል ቦታ ጭራሽ የለም። ከሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ከጻድቃኔ ማርያም የመጣ ሰው ስንት ወር እንደቆየ፣ እዚያ ሳለ መድኃኒቱን አቁሞ እንደሆነ ካልተጻፈ ሐኪሙ ምን ይዞ ይጀምር? የድብርት መጠይቁም፣ ፒኤችኪው-9፣ ነጥብ ደምሮ ዝም ነው የሚለው። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለመጉዳት መሆኑን ታውቂያለሽ። ከ27ቱ 8 ያገኘ ሰው «ቀላል» ተብሎ ያልፋል፤ ዘጠነኛዋ ላይ ምን እንደመለሰ ግን ማንም አያይለትም። እኛ ድምሩ ምንም ይሁን ምን ያቺ ጥያቄ ከዜሮ በላይ ከሆነች ማስጠንቀቂያ ይምጣ ብለን ስንት ወር ተጨቃጨቅን።

3. እዚህ ላይ ስለ ክፍያ ልጽፍ ነበር። ግን ያቃጠለኝን ሳልነግርሽ ወደዚያ አልሄድም።

በወረቀቱ ጊዜ የታካሚው ፋይል ሐኪሙ ክፍል ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። ካርድ ክፍል ያለው ስምና የካርድ ቁጥር ብቻ ነበር። ሲስተሙ ሲመጣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ማየት ጀመረ። እኔም እያየሁ አላየሁም፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሥራ ስለቀለለ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት መምህርት ለክትትል መጣች። የካርድ ክፍሏ ልጅ ስሟን ስትከፍት የበሽታው ስም ከላይ በትልቁ በቀይ ተጽፎ ይወጣል፤ ልጆቹ «ሐኪሙ ቶሎ እንዲያየው» ብለው ነው እንደዚያ የሠሩት። ስክሪኑ ደግሞ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ከኋላዋ ተሰልፎ የነበረው የሰፈሯ ሰው ነበር። አንገቱን አስግጎ አነበበ። እሷ ስታነበው አየችው። ምንም አልተናገረችም፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወጣች። ካርዷን ይዛ የቀረችው ልጅ መስኮቱ ላይ ቆማ ቀረች። መምህርቷ ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም። በኋላ አዲስ አበባ ድረስ እየሄደች መድኃኒት እንደምትወስድ ሰማሁ። ከተማችንን ታውቂዋለሽ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የማያውቅ የለም።

በማግስቱ ወደ ድርጅቱ ደወልኩ። አያነሱም። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ቢሯቸው ሄድኩ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት እንግዳ መቀበያ ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ። በመጨረሻ አንዱ ወጣና፣ ሳይቀመጥ፣ «ቲኬት ከፍታችኋል?» አለኝ፤ ችግሩን በነሱ መዝገብ አስመዝግባችኋል ወይ ማለቱ ነው። ጉዳዩን ሳስረዳው «ይሄ ውሉ ላይ የለም፣ አዲስ ጥያቄ ነው፣ ተጨማሪ ያስከፍላል። ደግሞ ሌሎቹ እንዲህ ነው የሚጠቀሙት፣ ማንም ቅሬታ አላቀረበም» አለኝ። ሌሎቹ የጉንፋን ካርድ ነው የያዙት ወንድሜ! ተናድጄ ወጣሁና ውሉን ታክሲ ውስጥ ገለጥኩት። እውነቱን ነው፣ የለም። ማን ምን ያያል የሚል አንድ መስመር የለም። እኔ ደግሞ 80 በመቶውን ከፍያለሁ። በምን አፌ ልከራከር?

ስለዚህ አንቺ ዴሞ ሊያሳዩሽ ሲመጡ የካርድ ክፍል ሠራተኛሽን ይዘሻት ግቢ። በራሷ መግቢያ ትግባ፣ የውሸት ታካሚ ትፈልግ። ከስም፣ ከካርድ ቁጥርና ከቀጠሮ ሌላ ነገር ካየች ውል የለም በያቸው። ገንዘብ ተቀባይዋንም ሞክሪያት፤ የኛ ደረሰኝ ላይ «ሞዲኬት መርፌ» ብሎ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን ስም ያትም ነበር፣ ያንን ያየ ፋርማሲ የሠራ ሰው ሁሉ በሽታውን ያውቀዋል። የሚላከው ኤስኤምኤስም የክሊኒኩን ሙሉ ስም እንዳይጽፍ፣ ስልኩ የባል ወይም የልጅ ሊሆን ይችላል። ማን የማንን ካርድ መቼ እንደከፈተ የሚመዘግብ መሆኑንም በዓይንሽ እዪ። ያኔ እኔ የምጠቅሰው ነገር አልነበረኝም። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለልሽ፤ የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ያስገባዋል። ውሉ ላይ ቁጥሩን አስጽፊው።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። ቀጠሮ በፈረንጅ ሰዓት «9:00» ብሎ ልኮብን ጠዋት 3 ሰዓት የጠበቅናቸው ሰዎች ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ መጥተዋል፣ አንዱ ከመሐል ሜዳ ድረስ። ጳጉሜን የማያውቅ ሲስተምም አለ፤ በ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ነበረች፣ መርፌያቸው በነዚያ ቀናት የሚውል ታካሚዎች ከዝርዝሩ ጠፉብን። በነርሷ ደብተር ነው ያዳንናቸው። ስም ስትፈልጊ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ አንድ መሆናቸውን ካላወቀ ለአንድ ሰው አራት ካርድ ታወጫለሽ። ሰርቨሩ፣ ማለትም መረጃው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ደግሞ ግቢሽ ውስጥ ይሁን። በ2015 መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እኛ በሲም ካርድ ራውተር ነበርን፣ የታካሚው መረጃ ደግሞ ሌላ አገር ተቀምጦ ነበር። ወደ ወረቀት ተመለስን።

የክፍያውን ነገር እንዳልረሳው፦ ስትፈርሚ 30 በመቶ፣ የድሮው ካርድ ገብቶ ነርሶቹ አይተው ሲያምኑ 30፣ ሦስት ወር ከሠራ በኋላ 40። ዋናውን የይለፍ ቃልና የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ ሳትረከቢ የመጨረሻዋን እንዳትሰጪ። እኛ ከመጀመሪያው ድርጅት ጋር ስንለያይ የታካሚዎቻችንን መረጃ የሰጡን በፒዲኤፍ ነው። በፒዲኤፍ! ሁለቱ ነርሶችና እኔ ማታ ማታ ሻይ እያፈላን እንደገና በእጃችን አስገባነው።

አሁን ሶፍትዌር የሚሠሩ ሁለት ልጆች ይዘን በባህምኒ እየሠራን ነው። ዋጋቸው ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ካርድ ክፍል ቁጭ ብለው ሰልፉን ሲያዩ ነው የዋሉት። የመለኪያውንና የጠበሉን ጥያቄ ቅጹ ላይ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፣ ልጆቹ አሳዩኝና ያዝኩት።

ፕሮፎርማዎቹን የድርጅቶቹን ስም ሸፍነሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ የኛንም ውል እልክልሻለሁ። ወደ አዲስ አበባ ስታልፊ ደግሞ ውረጂና እዪው። የካርድ ክፍሏን ልጅ ጠይቂያት፣ ያቺው ልጅ ናት፣ ከኔ በላይ ታስረዳሻለች። ካፖርት ግን ያዢ፣ የሮቢት ልብስ እዚህ አያዋጣም።