ከምንጭ ኮድ ለምትገነቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ (ፕሮግራመሮች ከጻፉት ጽሑፍ) ስትገነቡ ስክሪኑ በኤረር ቢሞላ ከታች ያለውን ትታችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ መጀመሪያ የመጣውን ኤረር ፈልጉ። አንድ ሄደር ፋይል (በሌላ ቦታ ያለን ኮድ ለኮዳችሁ የሚያስተዋውቅ ፋይል) ሲጎድል መቶ ቅሬታ ይከተላል፤ የላይኛው ሲስተካከል የታችኞቹ አብረው ይጠፋሉ። የግንባታ ትእዛዞችን የሚያስኬደው «ሜክ» ብዙ ሥራ ጎን ለጎን እንዲያስኬድ አዛችሁት ከሆነ መልእክቶቹ ይደባለቃሉና በአንድ ሥራ ብቻ ድገሙት።

ቀጥሎ የተሰናከለው የቱ ደረጃ እንደሆነ ለዩ። ፋይል የለም ካለ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ሄደሩን አላገኘም። አንድ ፋንክሽን (ስም ያለው የኮድ ክፍል) የት እንዳለ አላወቅሁም የሚል ከሆነ ግን ኮምፓይሉ አልፏል፤ የተቸገረው የተተረጎሙትን ክፍሎች የሚያጋጥመው ሊንከር ነው። ላይብረሪው (ሌሎች አዘጋጅተው የሰጡት የኮድ ስብስብ) አልተሰጠውም፣ ወይም ስታቲክ ላይብረሪው (ፕሮግራሙ ውስጥ ተገልብጦ የሚገባው) በትእዛዙ ላይ ከሚጠቀምበት ፋይል በፊት ተጽፏል። ይህን ሳይለዩ ሁሉን ነገር እየነቀሉ መልሰው ሲጭኑ ቀን የሚያልፍባቸውን ሳይ ያሳዝነኛል።

ሊኑክስ ላይ ላይብረሪው ተጭኖ ሳለ «የለም» ትባላላችሁ። ለማስኬድና ለመገንባት የሚያስፈልጉት ፓኬጆች የተለያዩ ናቸው፤ ሄደሮቹ ያሉት፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች በደቢያንና በኡቡንቱ ስሙ «ዴቭ» ብሎ በሚያልቀው፣ በፌዶራ «ዴቨል» ብሎ በሚያልቀው ፓኬጅ ውስጥ ነው።

ማክ ላይ በቅድሚያ የአፕል የፕሮግራም መሥሪያ የሆነውን የኤክስኮድን የኮማንድ ላይን መሣሪያዎች ጫኑ። ፕሮግራሞችን የሚጭንላችሁ ሆምብሪው በኢንቴል ማሽን «/ዩኤስአር/ሎካል»፣ በአፕል ሲሊከን (በአፕል የራሱ ቺፕ) ግን «/ኦፕት/ሆምብሪው» ስር ይቀመጣል፤ የቆየ መመሪያ የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የማክ ዲስክ እንደ ነባሪው ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም። ስለዚህ በሄደሩ ስም ትልቁንና ትንሹን ፊደል አሳስታችሁ ብትጽፉ እዚያ ያልፋል፣ ሊኑክስ ላይ ይወድቃል።

ዊንዶውስ የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል። በማይክሮሶፍቱ ቪዥዋል ስቱዲዮ የተገነባ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ሌላው የዊንዶውስ መገንቢያ ሚንጂደብሊው ከገነባው ጋር አይጋጠምም፤ ፋንክሽኖቹን የሚሰይሙበት መንገድ ይለያያል። ሁሉንም በአንዱ ገንቡ። የፋይል አድራሻ 260 ፊደል ሲያልፍ ብዙ መሣሪያ ስለሚቆም ፕሮጀክቱን ከዲስኩ የላይኛ ማውጫ አጠገብ አስቀምጡት። በ64 ቢት ዊንዶውስ «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት 32 ቢት ነው፣ በሊኑክስና በማክ 64፤ ልኩ የታወቀ ዓይነት ተጠቀሙ።

ኮምፓይለሩ «ተገደለ» ብቻ ብሎ ከቆመ ኮዱን አትንኩ፤ ሜሞሪ አልቋል። ከባድ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል ለብቻው ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል። 8 ጊጋባይት ባለው ማሽን 16 ሥራ ጎን ለጎን ከማስኬድ በ4 ጀምሩ።

ግንባታውን ሁልጊዜ በተለየ ማውጫ አድርጉ። ኮምፓይለር ስትቀይሩ ግንባታውን የሚያዘጋጀው ሲሜክ የድሮውን መልስ በካሽ (በማስታወሻ) ፋይሉ ይዞ ይቆያልና ማውጫውን አጥፍታችሁ ከአዲስ ጀምሩ። የተገነባውንም በስርዓቱ ላይ አትጫኑት፤ መድረሻውን በራሳችሁ ሆም ማውጫ ውስጥ ስጡት፤ ፕሮግራሞችን የሚጭነው ፓኬጅ ማኔጀር የማያውቀው ፋይል በኋላ ይጋጫል። ለሌሎች የምታከፋፍሉት የሊኑክስ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ከምትደግፏቸው ስርዓቶች በጣም አሮጌው ላይ ገንቡ፤ በአዲሱ የሲ ላይብረሪ የተገነባ በአሮጌው ላይ ብዙ ጊዜ አይነሳም።