አቦሉ ተጠጥቶ ኮምፒውተሩ ገና አልተነሳም

የዛሬው ጥያቄ ከሐይቅ ከተማ ነው። ጠያቂው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ቤቴ ያለው ኮምፒውተር ዴል ዴስክቶፕ ነው፤ ስገዛውም ያገለገለ ነበር። ጠዋት ከፍቼው ቡና ይቀርባል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ነው ፎልደሮቹ ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚሉት። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ስጫን ግን የሚከፈት ነገር የለም። ባለሙያ ሁለት ጊዜ ፎርማት አደረገልኝ፤ ሳምንት ደህና ይሆንና ይመለሳል። ራም ያንሰዋል ተብሎ ራም ተጨመረ። ማፍጠኛ የሚባል ሶፍትዌርና ሁለት አንቲቫይረስም ተጫነ። ለውጥ የለም። አንዳንዴ ከውስጡ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ሰዓቱም መብራት በጠፋ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ካቻቢቴ አያስፈራኝም፤ የቤቱን ሬዲዮ የምጠግነው ራሴ ነኝ። ምን ላድርግ?»

አብሽሩ ጋሼ። ጽሑፍዎን አንብቤ ሳልጨርስ ነው ሃርድ ዲስኩን የጠረጠርኩት። ራም አይደለም። ቫይረስም አይመስለኝም።

ያስጠረጠረኝ «ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ የሚከፈት ግን የለም» ያሉት ነው። ፕሮሰሰሩ ቢታነቅ ኖሮ ማውሱም አብሮ ይንገታገት ነበር። ማውሱ እንደ ልቡ እየሄደ ፎልደሩ ካልተከፈተ፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ከዲስኩ የሚመጣለትን እየጠበቀ ነው። ጠቅታው ደግሞ ጥርጣሬዬን ጨረሰው። ከፎርማት በኋላ ሳምንት ደህና መሆኑም አይግረምዎ። ፎርማት የታመመ ዲስክ አያድንም። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ሲጻፍ እንደ ዕድል ሆኖ ጤነኛው ቦታ ላይ ያርፋል። ፋይሉ እየበዛ ሲሄድ የተበላሸውን ቦታ ይነካል፣ ከዚያ ያው ነው።

እና ከሁሉም በፊት ኮፒ። ካቻቢቴውን ከማንሳትዎ በፊት፣ ምንም መሞከሪያ ሶፍትዌር ከመጫንዎ በፊት፣ ፎቶዎትንና ጽሑፍዎትን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። አንዲት እናት የልጃቸው የሠርግ ፎቶ ያለበትን ኮምፒውተር ደሴ ሱቄ ድረስ ይዘው መጡ። እንደ እርስዎው ጠቅ ጠቅ ይላል። እኔ ጎበዙ፣ ኮፒ ሳላደርግ ቼክ ዲስክ የሚባለውን ማረሚያ ለቅቄበት ምሳ ወጣሁ። ማረሚያው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያስነብበዋል። ደካማ ሽማግሌን የጦሳን ተራራ ውጣ እንደማለት ነው። ስመለስ ዲስኩ ጭራሽ አይታይም። ፎቶዎቹም በዚያው ቀሩ። ሴትዮዋ አንድ ቃል አልተቆጡኝም፤ «የአላህ ሥራ ነው» ብለው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አገለባበጡ እንዲህ ነው። ትልቅ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ይሰኩ። በጣም የሚሳሱለትን ያስቀድሙ። ኮፒ እንጂ ከት አያድርጉ። ሁሉንም በአንዴ ሳይሆን ፎልደር በፎልደር ይሂዱ። አንድ ፋይል ላይ ስታክ ካደረገ ይዝለሉት፤ እየመላለሱ አይሞክሩት። ፋይሎቹን እንደገና የሚደረድረውን፣ ዲፍራግመንት የሚባለውን ዞር ብለውም አይዩት። ጠቅታው ከበረታ ያጥፉትና ያሳርፉት።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳል። የድሮ ጽሑፎችዎ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ከሆኑ ፎንቱንም አብረው ይውሰዱ። ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚል አለ፤ እዚያ ነው ያለው። ፎንቱ ከሌለ ያ ሁሉ ዓመት የጻፉት አማርኛ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት የተዘራበት ሆኖ ይከፈትልዎታል። ጽሑፉ ግን አልጠፋም። ይህን ሳያውቁ ዶክመንታቸውን የሰረዙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

አሁን ዲስኩ ለምን እንደሚጎተት ልንገርዎ። ይህችን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ፤ ሱቅ ያሉት ልጆች «ጀመረ ደግሞ» እያሉ ይስቁብኛል። የሸክላ ማጫወቻ ያስታውሱ። የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ ከላዩ ክንድ አለ። ሃርድ ዲስክም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ መርፌው ሸክላውን ይነካል፣ የዲስኩ አንባቢ ግን ሳህኑን አይነካም። ሳህኑ ሲሽከረከር የሚፈጥረው አየር ተሸክሞት ይንሳፈፋል፤ በሳህኑና በእሱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር ነው፤ አስቡት። በአየር ስለሚንሳፈፍ ከፍታም ይመለከተዋል። የተለመዱ ዲስኮች እንዲሠሩ የሚፈቀድላቸው እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ እኛ ገና አለን። እናንተ ሐይቆች ደግሞ ከእኛ ዝቅ ስለምትሉ በከፍታ አታሳብቡም።

የዴስክቶፕ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 7,200 ዙር ይዞራል። በሰከንድ 120 መሆኑ ነው። አንድ ፋይል ሲፈለግ ክንዱ ወደ ቦታው ይሄዳል፤ ይህ ወደ 9 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከዚያ የሚፈለገው ቦታ ዞሮ እስኪመጣ በአማካይ ሌላ 4 ይጠብቃል። ለአንድ ፍለጋ 13 ሚሊሰከንድ። ትንሽ ትመስላለች። ግን በዚህ ሂሳብ በሰከንድ 75 ያህል ቦታ ብቻ ነው የሚያነበው፣ ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይጠይቃል። ይህ ጤነኛው ነው። የታመመው ዲስክ ግን አንድ ቦታ አልነበብ ሲለው ተመልሶ ያነበዋል፣ እንደገና፣ እንደገና። አንዷ ቦታ ላይ ሰከንዶች ሊፈጅ ይችላል። ክንዱ ወደ ማረፊያው ተመልሶ እንደገና ሲነሳ ነው ያ ጠቅታ የሚሰማው። እርስዎ ቶናውን ሲጠጡ እሱ ያንኑ አንድ መስመር ይደጋግማል ማለት ነው።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም ይስሙ፤ ይህችን ሳልናገር አላልፍም። ሳህኑ ቆሞ አየሩ ከጠፋ አንባቢው ሊወድቅ ነው። እና የሠሩት ሰዎች ብልሃት አበጁ። መብራቱ ሲቋረጥ ሳህኑ በራሱ ግፊት ገና እየዞረ ስለሆነ ሞተሩ ጀነሬተር ይሆናል፤ በዚያች ኃይል ክንዱ ወደ ማረፊያው ይሸሻል። ድንቅ ነገር ነው። ግን ይህ የአደጋ ጊዜ መውጫ ነው፣ በየቀኑ ሲሆን ይጎዳዋል። የእኛ አገር መብራት ደግሞ ያውቁታል።

ይብቃኝ። ወደ ሥራው።

ኮፒው አልቋል እንበልና ጥርጣሬያችንን እናረጋግጥ። ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ 15 ደቂቃ ይተዉት፤ ጤነኛ ሃርድ ዲስክም መጀመሪያ ላይ ይጨናነቃል። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎ ዲስክ 0። መስመሩ 100 በመቶ ላይ ተጋድሞ፣ ከታች የሚነበበው ፍጥነት ግን 1 ሜጋባይት እንኳ ካልሞላ ጉዳዩ ተዘግቷል። አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይም የሚለው ቁጥር በመቶዎችና በሺዎች ሲዘል ያዩታል።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል፣ የዲስክ ጤና የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራምም አለ። ቢጫ ወይም ቀይ ካበራ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን መስመሮች ይዩ። እዚያ ከዜሮ በላይ ቁጥር ካለ ዲስኩ የተበላሹ ቦታዎችን እየቆጠረ ነው። ሲ7 ብቻ እየጨመረ ከሄደ ግን ጥፋቱ ኬብሉ ሊሆን ይችላል፤ ኬብል ቀይረው ይሞክሩ። እኔ ግን በዚያ ጠቅታ ኬብል ነው ብዬ አልወራረድም።

መድኃኒቱ አሮጌውን አውጥቶ ኤስኤስዲ የሚባለውን ዓይነት ዲስክ መተካት ነው። 240 ወይም 256 ጊጋባይቱ ለዊንዶውስና ለጽሑፍ ይበቃዎታል። የሚዞር ነገር የለውም፣ ፍለጋው ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው። ቶናው ቀርቶ አቦሉም ሳይቀዳ ይነሳል።

ሲገዙ ግን ዓይንዎን ይክፈቱ። ገበያው በፎርጅድ ተጥለቅልቋል። ሳጥኑ ላይ 1 ቴራ ተጽፎበት፣ ዋጋው ግን የአንድ ኪሎ ቡና የሚያህለውን ከፍቼ አይቻለሁ፤ ውስጡ የስልክ ሚሞሪ በሙጫ ተለጥፏል። ኮምፒውተሩ ላይ 1 ቴራ ብሎ ያሳያል፤ ትንሽ ሲሞላ ፋይሉን መብላት ይጀምራል። ኤች ቱ ቴስት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ መልሶ ያነባል፤ ሻጩን በእሱ ይያዙት። ሙከራውን አዲሱ ዕቃ ላይ እንጂ የታመመው ዲስክ ላይ እንዳያደርጉት።

አሁን ካቻቢቴውን ያንሱ። ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ነቅለው ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ይጫኑት፣ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። እጅዎን የኬዙን ብረት ያስነኩ። የመብራት ገመዱ የሚሰካበትን ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አይክፈቱ። ሬዲዮ ጠጋኝ ስለሆኑ እጅዎ ይበላዎት ይሆናል። ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ይመታሉ።

በቅድሚያ ሰዓቱን እናድን። ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ያለች ክብ ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 ትባላለች። በቴስተርዎ ይለኳት። ደህናዋ 3 ቮልት ታሳያለች፤ የእርስዎ ከ2.5 በታች ብትል አይገርመኝም። ባለሙያው ያንን ኬዝ ከፍቶ ይህችን አለማየቱ ያበሳጨኛል። ቀኑ ሲሳሳት ኢንተርኔቱ ራሱ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ገጽ አይከፍትም፤ ሰው ደግሞ ኔትወርክ ይሰድባል። ባትሪዋን ዊንዶውስ ከመጫንዎ በፊት ይቀይሩ፤ ሲቀየር የባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው ማስተካከያ፣ ምርጫ ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ይችላል። ባዮስ ገብተው ቀኑን ያስተካክሉ፣ የዲስኩን አሠራር የሚመርጠው ሳታ የሚለው ኤኤችሲአይ ላይ መሆኑን ይዩ።

ከዚያ አሮጌውን ዲስክ ይንቀሉ፣ ኤስኤስዲውን በእሱ ኬብሎች ይሰኩ። መሰኪያው ጥግ አለው፣ በአንድ በኩል ብቻ ይገባል። እምቢ ካለ አይግፉት፤ ያቺ ፕላስቲክ ከተሰበረች ዕቃው ቆሻሻ ነው። ለመጠኑ የሚሆን ማሰሪያ ካላገኙ በሁለት በኩል የሚያጣብቅ ፕላስተር ይበቃል። ዊንዶውስ ሲጭኑ አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ ይቆይ። ሁለቱም ተሰክተው ከሆነ ማስነሻው አሮጌው ላይ ሊጻፍ ይችላል፣ እሱ ሲሞት አዲሱም አብሮ አይነሳም። አሮጌውን እንዳለ ወደ አዲሱ ገልብጦ መጠቀምም ይቻላል፤ ለእርስዎ ግን አልመክርም። ያ ሁሉ ማፍጠኛና ኮተት አብሮ ይመጣል።

ስለ ማፍጠኛው ካነሳን፣ ኮምፒውተር የሚያፈጥን ሶፍትዌር እስካሁን አላየሁም። የሚያንቀራፍፍ ግን ሞልቷል። ሁለት አንቲቫይረስ ደግሞ አንድ በር ላይ ሁለት ዘበኛ ነው፤ እርስ በርስ ይፈታተሻሉ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ይበቃዎታል። ያልተከፈለበት ዊንዶውስ የሚያስነሱባት አክቲቬተር የምትባለው ነገርም ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዛ ነው የምትገባው።

ፕሮሰሰሩ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ከሆነ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለጽሑፍና ለፎቶ 10ሩ ይሠራል፤ የባንክ ነገር ባይሠሩበት ይመረጣል።

ራሙን ታስክ ማናጀር ላይ ይዩት። 8 ጊጋባይት ካለ ይበቃል። አሁንም 4 ካለ የተጨመረው በደንብ አልገባ ይሆናል። ያውጡት፣ እግሩን በማጥፊያ ላጲስ በስሱ ይጥረጉት፣ ሁለቱም ጫፍ ጠቅ እስኪል ይጫኑት። ይህኛው ጠቅታ ጥሩው ነው። ኬዙን ከፍተው ሳለ አቧራውን በብሩሽ ያራግፉ፤ ፋኑን በጣትዎ ይዘው።

አሮጌውን ዲስክ አይጣሉት፣ ማስቀመጫ ብለውም መልሰው አይስኩት። ፎቶዎቹ በሙሉ አዲሱ ላይ እንደሚከፈቱ አንድ በአንድ እስኪያዩ ድረስ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። ኮፒው ከጅምሩ እምቢ ካለዎት ደግሞ አይታገሉት። ነቅለው በፎጣ ይጠቅልሉትና ወደ ደሴ ሲመጡ ይዘውልኝ ይምጡ፤ መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታቅፈውት ይምጡ እንጂ ፖርቶ መጋላ ላይ አያስጭኑት።