እናትሽን ይዘሽ ክራኮቭ ስትመጪ፦ ስለ ፖላንድ ምግብ ቤት ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከስቶክሆልም እናትሽን ይዘሽ ሐሙስ ክራኮቭ ትገቢያለሽ፣ እሁድ ማታ ትመለሳላችሁ። ትንሽ፣ የድሮ ዓይነት የፖላንድ ምግብ ቤት ልትወስጃቸው አስበሻል። ግን እናትሽ አሳማ አይበሉም፤ ዓርብ ደግሞ ይጾማሉ። "ምን እናዝዝ?" ነው ያልሽው። እዚህ ከተማ 7 ዓመት ኖሬያለሁ፤ አምና እናቴ መጥታ በዚሁ ነገር ውስጥ አልፈናል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከቦታው ልጀምር። ሪኔክ የሚሉት ትልቁ አደባባይ ከ1257 ጀምሮ ያለ ነው። ዙሩት፣ ቡና ጠጡበት። ምሳ ግን እዚያ አትብሉ፤ ዋጋው ለቱሪስት የተተመነ ነው። ወደ ካዚሚየሽ ሰፈር ሂዱ፣ ወይም የቪስዋን ወንዝ ተሻግራችሁ ፖድጉዤ ግቡ። ስድስት ሰባት ጠረጴዛ ያላት፣ የምግብ ዝርዝሯ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ቤት ፈልጊ። አንዳንዶቹ ምድር ቤት ውስጥ ናቸው፤ ደረጃቸው ጠባብ ስለሆነ የእናትሽን ጉልበት አስቢበት።

አሁን ወደ ዋናው። ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው "ሥጋው የምንድነው?" ብለን ነው። ይሄ እዚህ አገር አይበቃም። አሳማው ብዙ ጊዜ ያለው ከላይ በሚፈስሰው ስብና በመረቁ ውስጥ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ፒየሮጊ ሩስኪየ አዘዝኩ። በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ድንችና ትቫሩግ ነው፤ ትቫሩግ ማለት የእኛን አይብ የሚመስል ነጭ አይብ ነው። ዝርዝሩ ላይ ሥጋ የሚል ነገር የለም። ሲመጣ ከላዩ ቡናማ፣ ደቃቅ፣ በዘይት የሚያብረቀርቅ ነገር ተነስንሶበታል። የተጠበሰ ሽንኩርት መስሎኝ ግማሹን በላሁ። አንዷ ፍሬ ጥርሴ ላይ ቀጭ ስትል ነው የገባኝ። ስክቫርኪ ይሉታል፤ የቀለጠ የአሳማ ጮማ ቅሬት ነው። ማንም ሊያታልለኝ አልፈለገም። ለእነሱ የምግቡ ጌጥ ነው። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከፍቶኝ ሰነበትኩ።

ስለዚህ ሁልጊዜ "ከላዩ ምን ታደርጉበታላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። "ቤዝ ቭየፕሾቪኒ" ማለት ያለ አሳማ ነው፤ "ቤዝ ስክቫረክ" ደግሞ ያለ ስክቫርኪ። በስልክሽ በፖላንድኛ ጽፈሽ ብታሳዪ ይሻላል። ዝራዚ የሚባለው የበሬ ሥጋ ጥቅልም እንዳያታልልሽ፤ በሬው በሬ ነው፣ ውስጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ቤከን አለ።

ሌላው ደግሞ ሳታዝዢ የሚመጣው ነው። ከእናቴ ጋር የገባንበት ቤት ገና ሳንቀመጥ ዳቦ በቅርጫት፣ ከጎኑም ነጭ ነገር በትንሽ ሸክላ ቀረበልን። እናቴ ቢላዋውን አንስታ "ቅቤያቸው እንዴት ያምራል!" አለች። እጇን ያዝኳት። ስማሌጽ ነው፣ የአሳማ ስብ። የምታስተናግደን ጸጉሯ የሸበተ ሴት አየችን። "ቤዝ ቭየፕሾቪኒ፣ ፕሮሼ" አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ሸክላውን አንስታ ሄደች፤ ስትመለስ ትቫሩግ ላይ የሽንኩርት ቅጠል ከትፋበት ይዛ መጣች። "ድላ ማሚ" አለች፣ ለእናትሽ ማለቷ ነው። እናቴ ቀምሳ "አይብ በጎመን መሰለኝ" አለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤቱን ወደደችው።

ሐሙስ ማታ ታታር ቮዎቪ እዘዙ። የበሬ ጥሬ ሥጋ ነው፣ ደቅቆ የተከተፈ። ሽንኩርትና ኮምጣጣ ኪያር ከጎን ይመጣል፤ ከላዩ ጥሬ የእንቁላል አስኳል አለ። ራስሽ ነሽ የምታዋህጂው። ቮዎቪ፣ የበሬ ማለት ነው፣ የሚለውን ቃል እንዳትረሺ፤ ከዓሣም ይሠሩታልና። እናቴ አስኳሉን በማንኪያ ገለል አደረገች፣ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አወጣች፣ በቃ ክትፎ ሆነ። እናትሽም ይዘው ይምጡ፤ የፖላንድ ምግብ ቅመሙ ለስለስ ያለ ነው። ህሻን የሚሉት የተፈቀፈቀ ነጭ ሥር ግን አላቸው፤ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ይነዝራል። ጠይቀሽ አስመጪላቸው።

ዓርብን በተመለከተ ጆሮሽን ስጪኝ። ፖላንዶች የጾም ምግብ ፖስትኒ ይሉታል። ለእነሱ ጾም ማለት ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል ይገባበታል። ስለዚህ ፖስትኒ አትበይ፤ ቬጋን በይ። ፒየሮጊ በጎመንና በእንጉዳይ አለ፤ ገና ዋዜማ ላይ ሥጋ የሌለበት 12 ዓይነት ምግብ ሲያቀርቡ ከማይቀሩት አንዱ ነው። ሊጡ እንቁላል እንደሌለው ጠይቂ፤ ቅቤውን በዘይት ይቀይሩልሽ። በእንጉዳይ የተሠራ ካሻም ጥሩ ነው፤ የጥቁር ስንዴ ቅንጬ በዪው።

ዡሬክን ብታሸትቱት ደስ ይላችኋል። ራይ የሚሉት እህል ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ቀናት ቆይቶ ሲኮመጥጥ የሚሠራ ሾርባ ነው። እናቴ ከጎረቤት ጠረጴዛ ሽታው ሲመጣ "ይሄ እኮ እርሾ ነው!" አለች። ግን ቋሊማ አለበት፣ መረቁም ብዙ ጊዜ የአሳማ ነው። እኛ ተውነው።

ለመጠጥ ምዩት ፒትኒ ሞክሩ። የፖላንድ ጠጅ ነው። ስሙ መጠኑን ይነግርሻል፤ ትሩይኒያክ አንድ እጅ ማር በሁለት እጅ ውሃ፣ ችፉርኒያክ አንድ ለሦስት። ችፉርኒያኩን ውሰዱ፣ ጣፋጭነቱ ቀለል ይላል። ጌሾ ስለሌለው እናትሽ የሆነ ነገር ይጎድለዋል ማለታቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው።

እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቶቹ በቤተሰብ ስለሚሞሉ ቅዳሜ ደውለሽ ጠረጴዛ አስይዢ። ጉርሻ 10 በመቶ አካባቢ ይበቃል። በጥሬ ገንዘብ ስትከፍዪ ግን ብሩን እየሰጠሽ "ጅየንኩየ"፣ አመሰግናለሁ፣ አትበይ፤ መልሱን ያዙት ያልሽ ይመስላቸዋል። መልስሽን ከተቀበልሽ በኋላ አመስግኚያቸው።