«እናቴ ቀኝ እጇን ትታዋለች»

ጥያቄ፦ እናቴ የ61 ዓመት ሴት ናት። ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ ደከመ። አሁን በከዘራ ትሄዳለች፤ የቀኝ ጣቶቿንም በመጠኑ ትዘረጋለች። ሥራውን ሁሉ የምትሠራው ግን በግራ እጇ ነው። ጎረቤቶቻችን «ሦስት ወር ካለፈው ለውጥ የለም» ይላሉ። ወጌሻ ጠርተን ክንዷን እየሳበ እንዲያሻት አስበናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ወጌሻውን ተዉት። የደከመ ጡንቻ የትከሻን መገጣጠሚያ አጥብቆ ስለማይዝ የክንድ አጥንት በቀላሉ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ መሳብ ያባብሰዋል። ትከሻቸውን ካመማቸው ደግሞ እጁን ማሠራት ይተዋሉ። እናንተም ከአልጋ ስታነሷቸው ክንዳቸውን አትጎትቱ።

ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መታየቱ እውነት ነው። ያኔ የአንጎል እብጠት ይቀንሳል፤ ደም አጥሮት የነበረው ክፍልም ያገግማል። የሞቱት የነርቭ ሴሎች አይተኩም፤ የተረፉት ግን አዲስ ግንኙነት እየፈጠሩ ሥራውን ይረከባሉ። ይህ የሚሆነው እጁ ሲሠራ ነው፣ ከሦስት ወር በኋላም ይቀጥላል።

እናትዎን የያዛቸው ሁለተኛ ችግር አለ፤ ሁሉን በግራ ሲሠሩ አንጎላቸው ቀኙን መጠቀም እየተወ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ታውብ ይህን በጦጣዎች ላይ አጥንቶ፣ ደህናውን እጅ አግዶ ደካማውን የማሠራት ሕክምና ቀየሰ። ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር በሆናቸው 222 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ የታካሚዎቹ እጅ ተሻሽሏል፤ ከዓመት በኋላም መሻሻሉ አልጠፋም። ሕክምናው ለሁለት ሳምንት ነው፦ ነቅተው ከሚቆዩበት ጊዜ 90 በመቶውን ደህናው እጅ በጓንት ይታገዳል፣ በቀን እስከ 6 ሰዓት የሚፈጅ ልምምድም ከባለሙያ ጋር አለ።

ቤት ውስጥ ያን ያህል አይቻልም። መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ይያቸው። የእጅ አንጓቸውን ቢያንስ 10 ዲግሪ ወደ ላይ ካነሱ፣ አውራ ጣትና ሌሎች ሁለት ጣቶችንም በዚያው መጠን ከዘረጉ፣ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አንድ ሰዓት ግራ እጃቸው ላይ ወፍራም ጓንት አጥልቁላቸው። ከዘራውን የሚይዙት በዚያው እጅ ስለሆነ ሲቆሙና ሲሄዱ ይውለቅ፤ ምድጃ አጠገብም እንዲሁ።

ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ ደግፈው ባዶ የቡና ስኒ አንስተው ያስቀምጡ። ባቄላ ከሳህን ወደ ሳህን ያዛውሩ። ምሳቸውን በቀኝ ይቁረሱ፤ እንጀራ መቁረስ አውራ ጣትንና ሌሎቹን ጣቶች አብሮ ስለሚያሠራ ጥሩ ልምምድ ነው። 20 ጊዜ ደጋግመው ይረፉ፣ ይቀጥሉ፤ ቀስ በቀስ በቀን እስከ 300 ይድረሱ። በቤተሰብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ አሥር ጊዜ ሠርተው ይበቃል ይባላል፣ ወይም አዝኖ የሚያጎርስ ይመጣል። ሲቀላቸው ስኒው ውስጥ ውኃ ጨምሩ፣ ባቄላውን በምስር ለውጡ። ትከሻቸውን ወደ ጆሮ ካነሱ ወይም በወገባቸው ካጎነበሱ ስኒውን አቅርቡላቸው፤ እጁ የሚሠራውን ሥራ ገላቸው እየሠራለት ነው።

ትከሻቸውን ካመማቸው ወይም ጣቶቻቸው እየተጨበጡ ከመጡ ልምምዱን አቁመው ፊዚዮቴራፒስቱን ያማክሩ። ፊታቸው በድንገት ከተጣመመ፣ አንደበታቸው ከተያዘ ወይም አዲስ ድካም ከመጣ ሳትዘገዩ ሆስፒታል አድርሷቸው። የታዘዘላቸውን የደም ግፊት መድኃኒትም እጃቸው ተሻለ ብለው እንዳያቋርጡ።