ጥያቄና መልስ፦ ዕርዳታ ከወደብ እስከ ቀበሌ

ስለ ዕርዳታ ማጓጓዝና ስለ መረጃ ቴክኖሎጂ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ። በመጋዘንና በጭነት ክትትል ሥራ ስለቆየሁ መልሶቼ ወደዚያ ያደላሉ።

ጥያቄ፦ ዕርዳታ የሚዘገየው መኪና ስለሚያጥር ነው። ኮምፒውተር መኪና አይሆን፤ ታዲያ ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

መኪና ማጠሩ እውነት ነው። ነገር ግን እጥረቱ መቼ እንደሚመጣ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። በኤልኒኖ ድርቅ ምክንያት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ በፈለገበት በ2016 እ.ኤ.አ. የዕርዳታ እህልና ማዳበሪያ በአንድ ወቅት ጅቡቲ ደርሰው ወደቡ ተጨናንቆ ነበር። የዕርዳታ እህሉ ለተራበው ሕዝብ፣ ማዳበሪያው ለመኸር እርሻ መድረስ አለበት፤ ሁለቱም የሚጠብቁት ያንኑ ወደብና ያንኑ ከባድ መኪና ነው። የመርከቦቹ መድረሻ ቀን፣ ወደቡ በቀን የሚያራግፈው መጠንና የመኪኖቹ የደርሶ መልስ ጊዜ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ከተቀመጡ መጨናነቁ ከሳምንታት በፊት ይታያል። ለዚህ የረቀቀ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ከባዱ ነገር ቁጥሮቹን የያዙት መሥሪያ ቤቶች እርስ በርሳቸው እንዲተያዩ ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ የወረዳ መጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) በእጃችን እየሞላን፣ ያንኑ ደግሞ በሞባይል እንድናስገባ ታዘዝን። ኔትወርክ የለም። ሥራው እጥፍ ሆነብን።

ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ይህን ጥያቄ ስለላኩም አመሰግንዎታለሁ። አንድን ቁጥር ሁለት ጊዜ የሚያስጽፍ አሠራር ዕድሜ የለውም። ሠራተኛው ሲደክመው አንዱን በግምት ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም አይታመኑም። ሕጋዊው ሰነድ ወረቀቱ ከሆነ ሞባይሉ የደረሰኙን ቁጥር፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የተረከቡትን መጠንና የሰነዱን ፎቶግራፍ ብቻ ይያዝ። እንደ ኮቦ ያሉ የመረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራሞች ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ፤ መዝግበው አስቀምጠው ግንኙነት ሲገኝ ይልካሉ። አለቆችዎ ይህን ካላመቻቹ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

ጥቅሙ የት ላይ እንደሆነም ልንገርዎት። 400 ኩንታል ተጭኖ 396 ደረሰ እንበል። በወረቀት ብቻ ሲሠራ የላኪው ሞዴል 22 እና የተቀባዩ ሞዴል 19 ጎን ለጎን የሚታዩት ሒሳብ ሲመረመር ነው፤ ያኔ ሾፌሩም የለም፣ የሚያስታውስም የለም። ልዩነቱ በዚያው ቀን ከታየ ግን አራቱ ኩንታል ተቀደዱ፣ ረጠቡ ወይስ ጠፉ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መጋዘን ጠባቂውንም ከሐሰት ክስ የሚያድነው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በየመኪናው ጂፒኤስ ቢገጠም ስርቆቱ አይቆምም?

አይቆምም። ጂፒኤስ የሚከተለው መኪናውን ነው። ከመጋዘኑ በር በኋላ ጆንያው ማን እጅ እንደገባ አይነግረንም።

ጥያቄ፦ በ2023 የተቋረጠው የምግብ ዕርዳታ ምን አስተማረን?

ዕርዳታው ከታለመለት ሕዝብ ውጭ ሲሄድ በመገኘቱ የአሜሪካው ዩኤስኤድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ በትግራይ፣ በሰኔ ወር 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በመላ አገሪቱ ሥርጭቱን አቆሙ። ወራት ፈጀ። እህሉን ያልነካ ገበሬና ተፈናቃይ ነው የተራበው፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሥርጭቱ ሲመለስ የተጠቃሚዎች ምዝገባ በዲጂታል እንዲሆንና የእህሉ ክትትል እንዲጠብቅ ተደረገ። እንደ እኔ እምነት ትልቁ ለውጥ ዝርዝሩ ነው፤ ስሙ በትክክል ያልተመዘገበ ሰው ድርሻው ቢወሰድበት የሚከራከርበት ማስረጃ የለውምና።

ጥያቄ፦ የጣት አሻራ መሰብሰቡ ግን አያስፈራም?

ያስፈራል፤ ሊያስፈራም ይገባል። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የመረጃ ቋት በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ተሰብሮ ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ ተጋልጧል፤ ከቤተሰቦቻቸው የተለያዩና የጠፉ ሰዎችም ነበሩበት። በግጭት አካባቢ የተፈናቃዮች ዝርዝር ሰው ሊያስገድል ይችላል። ማከፋፈያው በካርድ ብቻ መሥራት ከቻለ አሻራ አይሰብሰብ። ከተሰበሰበም ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ ለሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ይነገረው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የምኖር የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ለአገሬ የዕርዳታ መተግበሪያ መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ አዲስ መተግበሪያ ባትጀምሪ እመርጣለሁ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ሱናሚ በኋላ በስሪ ላንካ የተወለደው ሳሃና የሚባል ነጻ የአደጋ ጊዜ ዕርዳታ ማስተባበሪያ ሶፍትዌር አለ፤ እንዲህ ያሉትን ማሻሻል ይቀላል። ከሁሉ በፊት ግን ካርታ ሥሪ። ጥር 2010 እ.ኤ.አ. ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ፎቶግራፍ እያዩ የዋና ከተማዋን የፖርቶፕሪንስን መንገዶች ማንም ሊያርመው በሚችለው ነጻ የኢንተርኔት ካርታ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ በቀናት ውስጥ ሣሉ። ሕዝቡ ዕርዳታ ለመጠየቅ በ4636 አጭር ቁጥር የሚልካቸውን በአገሩ ቋንቋ በክሪዮል የተጻፉ የስልክ መልእክቶች የተረጎሙት ደግሞ በአብዛኛው በውጭ የሚኖሩ ሄይቲያውያን ነበሩ። አንቺም በሁለቱም መንገድ መርዳት ትችያለሽ። በገጠር ኢትዮጵያ ብዙ መንደርና መሸጋገሪያ ገና በካርታው ላይ የለም፤ የቀበሌውን ትክክለኛ ስም በአማርኛ መጻፍ ብቻ እንኳ መኪና እንዳይሳሳት ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ስልክም ኢንተርኔትም ጨርሶ ሲጠፋስ?

ያለ ስልክ መስመር ሩቅ የሚደርሰው የመገናኛ ራዲዮ (ኤችኤፍ) አይጣል። ላኪው የታርጋውን ቁጥር፣ የጭነቱን ዓይነት፣ የኩንታሉን ብዛትና የመነሻ ሰዓቱን ያነባል፤ ተቀባዩ ደግሞ መልሶ አንብቦ ያረጋግጣል፣ በወረቀት ይይዛል፣ መስመሩ ሲመለስ ያስገባዋል። የሚነበበው ቅደም ተከተል ከኮምፒውተሩ ቅጽ ጋር አንድ ይሁን፤ እንዲህ ከሆነ ኋላ ሲገለበጥ ስህተቱ ያንሳል። የሳተላይት መሣሪያ ካለ ደግሞ ጄኔሬተሩና ነዳጁ ከመጀመሪያው ጭነት ጋር አብሮ ይላክ።