መልስ፦ ላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሚሠራ የሆድ ቀዶ ሕክምና) ላይ ካሜራ ስይዝ ምስሉ ለምን ይዞርብኛል?

ምስሉ የሚዞርብህ የካሜራውን ራስ ስኮፑ (ሆድ ውስጥ የሚገባው ሌንስ ያለው ቱቦ) ላይ ከሚሰካው የብርሃን ገመድ ጋር አብረህ ስለምታዞረው ነው። ራሱን በአንድ እጅህ ቀጥ አድርገህ ያዝና አታንቀሳቅሰው፤ ጎን ማየት ስትፈልግ በሌላው እጅህ ገመዱን ብቻ አዙር። በ30 ዲግሪ ስኮፕ፣ ማለትም በቀጥታ ሳይሆን 30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ በሚያየው፣ ገመዱ ወደ ላይ ከሆነ ወደ ታች ታያለህ፣ ወደ ግራ ከሆነ ወደ ቀኝ።

ሌንሱን የሚሸፍነው ጉም ሌላ ጉዳይ ነው። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ብርዳም ከተማ ቀዝቃዛ ሌንስ ሞቃት ሆድ ውስጥ ሲገባ ይደበዝዛል፤ ከመግባትህ በፊት በሞቀ ሳላይን (የጨው ውሃ) ንከረውና በንጹሕ ጎዝ (የሕክምና ጨርቅ) ጥረገው።

አንድ ነገር አደራ፦ ስኮፑን ስታወጣ መብራቱ እየበራ በሽተኛው ላይ ከተነጠፈው ጨርቅ ላይ አታስቀምጠው። ጫፉ ጨርቁንም ቆዳውንም ያቃጥላል። ሁሉም ስክሪኑን ስለሚያይ ቶሎ የሚያስተውል አይኖርም፤ መብራቱን እንዲያጠፉልህ ጮክ ብለህ ጠይቅ፣ ተማሪ ነኝ ብለህ አትፈር።